ምዕራፍ ሰባት፦ የመጨረሻው አሸዋና የሀደራ ሰማይ

ያለፉት ሁለት ምዕራፎች የመኪና መግቢያ ንጣፍን ከሥር ወደ ላይ ተከትለውታል፤ ምዕራፍ አምስት አፈሩን ቆርጦ ማውጣትንና የጠጠሩን መሠረት በየንብርብሩ መጠቅጠቅን፣ ምዕራፍ ስድስት ደግሞ ጠርዙን በኮንክሪት አስሮ ብሎኬቱን በመደላደያው አሸዋ ላይ በሲባጎና በውሃ ልክ መደርደርን አብራርተዋል። በምዕራፍ ስድስት መጨረሻ ላይ ብሎኬቱ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል፣ ግቢው አምሮበታል፣ ባለቤቱም መኪናውን ለማስገባት ቸኩሏል። ሥራው ግን ገና አላለቀም፤ ንጣፉ ለረጅም ዓመታት ሳይነቃነቅ የሚቆይ ወይም ከሁለት የዝናብ ወቅት በኋላ ጎማ በሚሄድበት መስመር የሚጎደጉድ መሆኑ በአብዛኛው የሚለየው ከዚህ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው። የብሎኬት ንጣፍ የሚጠናቀቀው ደረቅ አሸዋ በብሎኬቶቹ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ እስከ ታች ወርዶ ሲጠቀጠቅ ነው፤ አሸዋው ወርዶ እንደሆነ ወይም አፉ ላይ ተንጠልጥሎ እንደቀረ የሚወስነው ደግሞ ከሠራተኛው ጉልበት ይበልጥ የዕለቱ አየር ነው። ስለዚህ የማጠናቀቂያ ሥራን መረዳት ማለት በመጠኑም ቢሆን የአየር ሁኔታን መረዳት ማለት ነው። ሐሳቡን ለማሳየት የተመረጠችው ከተማ በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል፣ ናሓል ሀደራ የተባለው ወንዝ ከሜዲትራኒያን ባሕር በሚገናኝበት አካባቢ የምትገኘውና በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩባት ሀደራ ናት።

ከመቀጠል በፊት ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። በዚህ መጽሐፍ “ብሎኬት” ሲባል ለግድግዳ የሚሆነውን፣ ውስጡ ክፍት የሆነውን ሳይሆን በፋብሪካ በንዝረትና በግፊት የሚሠራውን፣ ውስጡ ድፍን የሆነውን የኮንክሪት ንጣፍ ማለት ነው፤ በእስራኤል የእግረኛ መንገዶችና የመኖሪያ ግቢዎች በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። “መጋጠሚያ” የተባለው ደግሞ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ብሎኬቶች መካከል የሚተወው፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ክፍተት ነው።

ክብደቱን የሚሸከመው ጠባብ ክፍተት

ለሁለት መኪና የሚበቃ፣ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መግቢያ ይታሰብ። ብሎኬቱ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድና ለቤት መኪና የሚበቃ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 50፣ ለጠቅላላው ግቢ 2,000 ያህል ብሎኬት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ክብደት ወደ 2.8 ኪሎ ግራም ስለሆነ ጠቅላላው ከአምስት ቶን ተኩል ይበልጣል። በአንጻሩ የመጋጠሚያዎቹ ርዝመት ተለክቶ ቢደመር በካሬ ሜትር 15 ሜትር፣ በጠቅላላው ግቢ 600 ሜትር ይሆናል፤ ይህን ሁሉ በ3 ሚሊ ሜትር ስፋት ለመሙላት የሚያስፈልገው ደረቅ አሸዋ ግን ከ160 እስከ 180 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከብሎኬቱ ክብደት ሦስት በመቶ ገደማ የሆነው ይህ ትንሽ አሸዋ ነው የቀረውን ዘጠና ሰባት በመቶ አንድ አካል የሚያደርገው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ጤፍ የሚሞላበትን ጆንያ ማሰብ ይጠቅማል። ጤፉ ሲገለበጥ ጆንያው እስከ አፉ የሞላ ይመስላል፤ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነቀነቅ ግን ፍሬው ተቀራርቦ ስንዝር ያህል ዝቅ ይላል፣ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይነቀነቃል፣ እንደገና ይጨመርበታል። በመጨረሻ አፉ የሚታሰረው ጆንያ ሰው ቢቀመጥበት እንኳ የማይጎብጥ ነው። ጤፍ ለብቻው በጣት መካከል ሾልኮ የሚወርድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ፍሬው ከፍሬው ጋር ሲጣበብና የጆንያው ጨርቅ ዙሪያውን አጥብቆ ሲይዘው ክብደት የሚሸከም ጠጣር ነገር ይሆናል።

በንጣፉም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። በምዕራፍ ስድስት የተገለጸው የኮንክሪት ጠርዝ የጆንያውን ጨርቅ ሥራ ይሠራል፤ የመጋጠሚያው አሸዋ ደግሞ ጤፉን ይተካል። የመኪና ጎማ አንዱን ብሎኬት ወደ ታች ሲጫነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሞላው አሸዋ በሰበቃ ኃይሉ ጎረቤት ብሎኬቶችን አብሮ ይስባቸዋልና ጭነቱ በአንዱ ላይ ብቻ ሳይቀር በብዙዎቹ ይከፋፈላል። መጋጠሚያው ባዶ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ብሎኬት ብቻውን ነው፤ በጎማው ሥር ይወዛወዛል፣ ከሥሩ ያለውን የመደላደያ አሸዋ እየገፋ ያሸሸዋል፣ ጥግና ጥጉም እየተፋጨ ይሸረፋል። የሙያው ሰዎች ብሎኬቶች እርስ በርስ ተያይዘው አንድ ሆነው መሥራታቸውን መቆላለፍ ይሉታል፤ ቁልፉ የብሎኬቱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ያለው አሸዋ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኮንክሪት ንጣፍ ብሎኬት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሸክላ ጡብ ባነሰባት በኔዘርላንድ ተስፋፍቶ ወደ ጀርመንና ወደ ሌላው ዓለም ሲሻገር፣ የሚንቀጠቀጠው የመጠቅጠቂያ ማሽን አብሮት የተስፋፋውም ስለዚህ ነው፤ ጆንያውን የሚነቀንቀው እጅ ያ ማሽን ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል በአጭሩ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አሸዋ ሳይበተን ማሽኑ በንጣፉ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ ብሎኬቶቹን በመደላደያው ውስጥ በእኩል ከማስቀመጡም በላይ የመደላደያውን አሸዋ ከታች ወደ መጋጠሚያው በመጠኑ ይገፋዋል። ከዚያ ደቃቅ የመሙያ አሸዋ ይበተንና በመጥረጊያ ወደ መጋጠሚያው በማዕዘን እየተጠረገ ይገባል፤ ብሎኬቱ እንዳይጫር ከማሽኑ ሥር የጎማ ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ ተደርጎ እንደገና ይነቀነቃል። አሸዋው ዝቅ ሲል እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይነቀነቃል። ሦስተኛው ዙር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አሸዋው ከብሎኬቱ አናት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ማሽኑ ቢመላለስበትም የማይወርድ ሲሆን መጋጠሚያው ሞልቷል ይባላል።

እርጥብ አሸዋ ለምን አይወርድም

እስካሁን የተባለው ሁሉ አሸዋው እንደ ደረቅ ጤፍ የሚፈስ መሆኑን ታሳቢ ያደረገ ነው። አሸዋ ግን እርጥበት ሲነካው ጠባዩ ይለወጣል። በሁለት የአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ጥቂት ውሃ ሲገባ በሚነካኩበት ቦታ ላይ ለዓይን የማትታይ ትንሽ የውሃ ድልድይ ይፈጠራል፤ ውሃ ገጹን ለማሳነስ ዘወትር ስለሚሰበሰብ ይህ ድልድይ ቅንጣቶቹን አንዱን ወደ ሌላው ይስባቸዋል። የዚህ ስበት ምንጭ የገጽ ውጥረት ይባላል። በአንድ ድልድይ ላይ እዚህ ግባ የማይባል ኃይል ነው፤ በአንድ እፍኝ አሸዋ ውስጥ ግን እንዲህ ያሉ ድልድዮች እጅግ ብዙ ናቸው።

ልዩነቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከከረጢቱ የወጣ ደረቅ አሸዋ በእፍኝ ተጨብጦ እጁ ቀስ ብሎ ሲከፈት በጣቶቹ መካከል እየሾለከ ያልቃል፣ በመዳፍም ላይ ትንሽ አቧራ ብቻ ይተዋል። ሌሊት ክፍት ካደረ ከረጢት የተወሰደው ግን እጁ ሲከፈት የጣቶቹን ቅርጽ እንደያዘ ይቀመጣል፤ በጣት ሲነካም በጓል በጓሉ ይፈርሳል እንጂ አይፈስም። በመልኩ ብዙም ላይለይ ይችላል፤ ትንሽ ጠቆር ይል ይሆናል፣ ያም በጠዋት ብርሃን በቀላሉ አይታይም።

ከዚህም በላይ እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ድልድዮቹ ቅንጣቶቹን ከመጠጋጋት አግደው ልል አድርገው ስለሚያቆሟቸው፣ ከክብደቱ አምስት በመቶ ያህል ውሃ የያዘ ደቃቅ አሸዋ ከደረቁ ይልቅ ሩብ ያህል ወይም ከዚያም በላይ የሰፋ ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ለኮንክሪት አሸዋን በባሬላ የሚሰፍሩ ግንበኞች ይህን ያውቁታል፣ ድብልቁም በዚሁ ምክንያት ይዛባባቸዋል። በ3 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ላይ ውጤቱ የባሰ ነው። የሚያያዙት ቅንጣቶች በጠባቡ አፍ ላይ ቅስት ሠርተው ይቀራሉ፤ ከላይ ሲታይ መጋጠሚያው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከቅስቱ በታች ያለው አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ግን ባዶ ወይም ልል ነው። ባለቤቱ አይቶ ይረካል፣ ሠራተኛውም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ፀሐይ ሲወጣና አሸዋው ሲደርቅ፣ ወይም ኃይለኛ ዝናብ ሲመታው ቅስቱ ይፈርስና አሸዋው ወደ ታች ይወርዳል፤ ባለቤቱም አሸዋው “ታጥቦ ሄደ” ብሎ ያስባል። በብዙ ግቢ ግን ከመጀመሪያውም ያልገባ አሸዋ ነው የጎደለው።

ይህን ለማጣራት ቀጭን የብረት ማስመሪያ ወይም የቢላ ጫፍ በመጋጠሚያው ላይ በዝግታ መጫን ይበቃል። በሚገባ የተሞላ መጋጠሚያ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በኋላ ብረቱን ይመልሰዋል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያለ ተቃውሞ ከገባ ሥራው መደገም አለበት። ሥራ የሚያስረክብ ባለሙያና የሚረከብ ባለቤት አብረው ቆመው በአሥር የተለያዩ ቦታዎች ቢሞክሩት በኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ሁሉ ያስቀራል፤ ይህን ያህል ቀላል ፈተና ይህን ያህል በጥቂቱ መደረጉ የሚያሳዝን ነው።

አሸዋው ደረቅ ሆኖ ብሎኬቱ እርጥብ ቢሆንም ችግሩ አይቀርም። የብሎኬቱ ጎን እርጥበት ካለው አሸዋው ገና በመጀመሪያው ሴንቲ ሜትር ላይ ይጣበቅና የሚከተለውን ያግዳል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ “ዛሬ ይዘንባል ወይ” የሚለው ብቻ አይደለም፤ ትናንት ዘንቦ ነበር ወይ፣ ሌሊቱስ ጤዛ ነበረው ወይ፣ ከሥር ያለው መደላደያስ ምን ያህል ውሃ ይዟል የሚሉትም አብረው ይጠየቃሉ።

የሀደራ ዓመት

በኢትዮጵያ የኮብልስቶን ሥራ የተማረ ሰው በሀደራ የወራቱን ቅደም ተከተል ገልብጦ ማሰብ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በእነዚያ ወራት የንጣፍ ሥራ ይቀዘቅዛል። በሀደራ ግን ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ በዓመት የሚዘንበው ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ውሃ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ በዲሴምበር፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይጠቃለላል። በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የተስፋፋው በእጅ የሚጠረበው የኮብልስቶን ድንጋይ መጋጠሚያው ሰፊና ወጣ ገባ ስለሆነ ትንሽ እርጥበት ያለውን አሸዋ እንኳ ይቀበላል። በፋብሪካ የወጣው ብሎኬት ግን በሚሊ ሜትር ልክ ስለተሠራ መጋጠሚያው ጠባብ ነው፣ ይቅር ባይነቱም ያነሰ ነው። በአንዱ የሠለጠነ እጅ በሌላው ላይ ሲሠራ ይህን ልዩነት ማወቁ ግድ ነው።

ዝናብ አልባው ወቅት ቀላል ይመስላል፤ የራሱ ወጥመድ ግን አለው፤ እሱም ጤዛ ነው። ሀደራ በባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የበጋ አየሯ እርጥበት የበዛበት ነው፤ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል የንጣፉ ገጽ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛልና በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በላዩ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ሠራተኞች ሙቀቱን ለመሸሽ ገና ጎህ ሲቀድ ሥራ መጀመር ይወዳሉ፤ ለመቁረጥና ለመደርደር ያ ሰዓት ምርጥ ነው፤ አሸዋ ለመሙላት ግን ከቀኑ ሁሉ የከፋው ነው። ብልህ የሥራ መሪ ቀኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጠዋቱን ለመደርደርና ለጠርዝ ቆረጣ፣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ የብሎኬቱ ገጽ ነጣ ካለበት ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ያለውን ደግሞ ለአሸዋው። ከቀትር በኋላ የሚበረታው የባሕር ነፋስ ደቃቁን አሸዋ ወደ ጎረቤት መኪናና መስኮት እንዳይወስደው አሸዋው ከቁመት ላይ ሳይሆን ከመሬት ተጠግቶ ይበተናል።

በጸደይና በመጸው ከምሥራቅ በረሃ የሚነሣ፣ በእስራኤል ሻራቭ የሚባል ትኩስና ደረቅ አየር ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቀን ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሊጠጋና የአየሩ እርጥበት በእጅጉ ሊወርድ ይችላል። ለመሙያ አሸዋ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ አሸዋው እስከ ታች ይፈሳል። በዚያው ቀን የፈሰሰ የጠርዝ ኮንክሪት ግን ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ሳይጠነክር ውሃውን ያጣና ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በፕላስቲክ መሸፈንና ለተከታታይ ቀናት ውሃ ማጠጣት ያስፈልገዋል። አንድ ቀን ለአንዱ ሥራ መልካም፣ ለሌላው ክፉ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

በዝናቡ ወራትም ቢሆን ሀደራ ለሳምንታት ሳያቋርጥ የሚዘንብባት ከተማ አይደለችም። ዝናቡ ከባሕር በሚነሡ ማዕበሎች ይመጣል፣ ለጥቂት ቀናት ይወርዳል፣ ከዚያ ሰማዩ ይጠራና ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንት ፀሐይ ይሆናል። በእነዚህ የጠሩ ቀናት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ቀኑ አጭር፣ ፀሐይዋ ዝቅ ያለች፣ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ በጁላይ በጥቂት ሰዓት የሚደርቀው ንጣፍ በጃንዋሪ ሁለት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ሰማይ መጥራቱ ብቻውን ምልክት አይሆንም ማለት ነው።

ከሥር ያለው መሬት ደግሞ በከተማዋ ውስጥ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። በባሕሩ ዳር ጊቫት ኦልጋ ያለበት ከፍታ ኩርካር በሚባል፣ በኖራ የተያያዘ ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ውሃን ቶሎ ያሳልፋል። ወደ ውስጥ ሲገባ ሐምራ የሚባል ቀይ አሸዋማ አፈር ይገኛል፤ ከተማዋ ባለችበት በሳሮን ሜዳ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ከዚህ አፈር በታች ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንብርብር፣ በአካባቢው አጠራር ናዛዝ፣ ተኝቷል። ዝናቡ ሐምራውን አልፎ ሲወርድ ይህ ንብርብር ያግደዋል። የኩርካሩ ሰንሰለት የወንዞቹን ውሃ ወደ ባሕር እንዳይወርድ በማገዱና መሬቱ ውሃ በመያዙ እ.ኤ.አ. በ1891 የተቆረቆረችው ሀደራ በረግረግ ተከብባ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። ረግረጉን ለማድረቅ ቦዮች ተቆፈሩ፣ ባሕር ዛፍም በብዛት ተተከለ። በዚያው ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ይኸው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ መተከሉን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ አንድ ዛፍ በሁለት አገር በአንድ ወቅት ለሁለት የተለያየ ችግር መጠራቱ ልብ የሚነካ ነው። ረግረጉ ደርቋል፤ አፈሩ ግን ያው ነው። በወንዙ አቅራቢያ ባለ ዝቅተኛ ግቢና በጊቫት ኦልጋ ከፍታ ላይ ባለ ግቢ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ዝናብ ቢጥል፣ ሁለተኛው በማግሥቱ አሸዋ ሊሞላበት ሲችል የመጀመሪያው መደላደያ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

ዝናብ በሥራው መካከል ሲደርስ

የተደረደረ ነገር ግን መጋጠሚያው ያልተሞላ ንጣፍ ዝናብ ሲመታው ውሃው በላዩ ፈስሶ አይሄድም፤ በየክፍተቱ እየገባ ወደ መደላደያው ይወርዳል። እዚያም የላላውን አሸዋ እያንሸራተተ ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ይወስደዋል፤ ብሎኬቱ ባለበት የቆመ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጎድጓዳ ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት በዝናቡ ወራት የሚሠራ ቡድን ግቢውን ሁሉ ደርድሮ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ከመሙላት ይልቅ የዕለቱን ድርድር በዕለቱ ይጠቀጥቃል፣ ይሞላልም፤ ሳይነካ የሚተወው ገና ባልታሰረው የሥራ ጫፍ ላይ ያለውን አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ማሽኑ ያልታሰረ ጠርዝ ላይ ከወጣ ብሎኬቱን ወደ ውጭ ይገፋዋልና። ያ አንድ ሜትርና ገና ያልተደረደረበት መደላደያ በፕላስቲክ ሸራ ይሸፈናል።

መደላደያው ውሃ ጠግቦ ከሆነ ማሽኑን ማስነሣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ቦታ በሙሉ በውሃ ሲያዝ የማሽኑን ግፊት የሚሸከመው አሸዋው ሳይሆን ውሃው ይሆናል፤ ውሃ ደግሞ አይጠቀጠቅም፣ መውጫ ፈልጎ ይሸሻል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ሲያልፍ ቡና መልክ ያለው ቀጭን ጭቃ ከመጋጠሚያው ሽቅብ ይፈልቃል፣ ብሎኬቶቹም ከማሽኑ በኋላ ተመልሰው ይነሣሉ። ይህ ሲታይ ማሽኑ ወዲያው መቆም አለበት። ጥቂት ደረቅ ቀናት ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ መደላደያው ጭቃ ሆኖ ከተበላሸ ግን ያን ክፍል አንሥቶ አሸዋውን ከመቀየር ሌላ መፍትሔ የለውም።

ስለ አሸዋው አያያዝ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በምድጃ ደርቆ በ25 ኪሎ ከረጢት የሚሸጠው የመሙያ አሸዋ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ የተከፈተ ከረጢት ለነገ አይተላለፍም። ከባሕሩ ዳር በነጻ የሚገኘው አሸዋ ደረቅና ንጹሕ ቢመስልም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቅንጣቶቹ በማዕበልና በነፋስ ተሽከርክረው የለሰለሱ በመሆናቸው እርስ በርስ አይያያዙም፣ የሚሸከሙት ጨውም እርጥበትን ከአየር ይስባል፣ በብሎኬቱም ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ሙጫ ያለው አሸዋ

በቅርብ ዓመታት ውሃ ሲነካው የሚጠነክር ሙጫ የተቀላቀለበት፣ ፖሊመሪክ አሸዋ የሚባል ዓይነት በገበያ ላይ ተስፋፍቷል። አረምና ጉንዳንን በመከላከል ጥሩ ነው፤ ለአየር ሁኔታ ግን ከተራው አሸዋ ይበልጥ ስስ ነው። ሲበተን ብሎኬቱ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፤ በጤዛ ላይ የተበተነ እንደሆነ ሙጫው በገጹ ላይ ይያያዝና በቀላሉ የማይለቅ ነጭ ጭጋግ ይተዋል። ከተጠቀጠቀና በገጹ ላይ የቀረው አቧራ በነፋስ መንፊያ ከተወገደ በኋላ በቀጭን ፍንጣቂ ውሃ ይረጭበታል፤ ከዚያም ለአንድ ቀን ያህል ዝናብ እንዳይነካው ይፈለጋል። በሀደራ ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ይህን ማግኘት አይከብድም። በዲሴምበር ግን የአየር ትንበያው ሁለት ደረቅ ቀናት በእርግጠኝነት ካልሰጠ ተራውን አሸዋ መጠቀም ይሻላል፤ ተራ አሸዋ ቢሳሳት ይጠረጋል፣ የጠነከረ ሙጫ ግን በብሎኬቱ ላይ ይኖራል።

ነጩ ምልክት

ንጣፉ ከተጠናቀቀ ከሳምንታት በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያው የዝናብ ወቅት፣ በቀይና በጥቁር ብሎኬቶች ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነገር ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ባለቤቶችም የተበላሸ ብሎኬት ተሸጠልን ብለው ያዝናሉ። ነገሩ ከሲሚንቶው ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል የኖራ ዓይነት በኮንክሪቱ ውስጥ ይፈጠራል። እርጥበት ይህን ኖራ አሟሙቶ ወደ ገጹ ያወጣዋል፤ እዚያ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟው ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይብሳል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚተን ኖራውን እስከ ገጹ ድረስ ለማድረስ ጊዜ ያገኛልና። በሞቃት አየር ግን ውሃው ገና ከገጹ በታች ሳለ ይተንና ኖራው በውስጥ ይቀራል።

ለዚህ ችግር አንዱ ማቃለያ ከሀደራ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በናሓል ሀደራ አፍ ላይ የቆመውና ለአሥርት ዓመታት የድንጋይ ከሰል ሲያቃጥል የኖረው የኦሮት ራቢን የኃይል ማመንጫ ከጭሱ የሚጣራ ደቃቅ አመድ ሲያወጣ ኖሯል፤ በእስራኤል እንዲህ ያለው አመድ በሲሚንቶና በኮንክሪት ሥራ ላይ ሲውል ቆይቷል። አመዱ በኮንክሪቱ ውስጥ ከተፈጠረው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ጠንካራ ነገር ስለሚሠራ ወደ ገጹ የሚወጣውን ያሳንሰዋል። ከተማዋ በአመድ የምታስታውሰው ጭስ ማውጫ በእግር ሥር ላለው ንጣፍ ጥቅም መስጠቱን ብዙ ነዋሪ አያውቅም።

ነጩ ምልክት ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ የዝናብ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይዞ ስለሚወርድ በመጠኑ አሲድነት አለው፣ ምልክቱንም በአንድ ሁለት የዝናብ ወቅት አሟሙቶ ያጥበዋል። በአሲድ ማጠብ የብሎኬቱን ቀለም ስለሚበላ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ምልክቱን ለመሸፈን በችኮላ የማሸጊያ ፈሳሽ መቀባት ነው። ማሸጊያ ማለት ቀለሙን ለማድመቅና ዘይት እንዳይሰርግ ለመከላከል በብሎኬቱ ላይ የሚቀባ ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ እርጥበት ካለ እርጥበቱንም ኖራውንም አብሮ ያፍናቸዋል፣ ንጣፉም ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይቀራል። በመጸው የተሠራ የሀደራ ግቢ የዝናቡን ወራት ሳይቀባ ማሳለፉ፣ ምልክቱ ከታጠበና ሙቀቱ ከተመለሰ በኋላ በሜይ ወይም በጁን መጀመሪያ ላይ መቀባቱ ይመረጣል። በጁላይ ቀትር ላይ ግን አይቀባም፤ ጥቁር ብሎኬት በፀሐይ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ፈሳሹ ሳይሰርግ በገጹ ላይ ደርቆ አረፋ ይሠራል።

ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ

በሚገባ የተሞላ መጋጠሚያም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ይወርዳል፤ የመኪናው መመላለስና የዝናቡ ውሃ የማሽኑን ሥራ በዝግታ ይቀጥላሉና። ስለዚህ ንጣፉ ከተረከበ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ መሙላት እንደ ጥገና ሳይሆን እንደ ሥራው የመጨረሻ ክፍል ይቆጠራል፤ ይህን በውሉ ላይ ማስፈር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። በበጋ ለተሠራ ግቢ ትክክለኛው ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ የኦክቶበር ወይም የኖቬምበር ዝናቦች በኋላ፣ ንጣፉ ለሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ አግኝቶ ሲደርቅ ነው። በጃንዋሪ ለተሠራው ደግሞ የኤፕሪል የሻራቭ ቀን ይመቸዋል፤ በእርጥብ ወራት አፉ ላይ የተንጠለጠለ አሸዋ ካለ በዚያን ጊዜ ደርቆ ይወርዳልና የጎደለው ሁሉ ይታያል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚያጥብ ማሽን በመጀመሪያው ዓመት ከንጣፉ ላይ መራቅ አለበት፤ ወራት የፈጀውን መጠቅጠቅ በደቂቃዎች ጠርጎ ያወጣዋል። መጋጠሚያዎቹ በአማካይ አምስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለው ቢገኙ፣ ለ40 ካሬ ሜትሩ ግቢ አንድ ባለ25 ኪሎ ከረጢት ደረቅ አሸዋና አንድ መጥረጊያ ይበቃሉ።